«ታይፎይድ ነው» የምትለዋ ወረቀት

ወዳጆች፣ የዛሬው ረዘም ይላል። ጊዜ ስታገኙ አንብቡት። ቤታችሁ ትኩሳት ያለበት ሰው ካለ ግን ለነገ አታሳድሩት። («ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አክስቴን በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ «ታይፎይድ» ያዛት። እኛ ቤተሰቦቿም ሆንን እሷ የምናምነው እንደዚያ ነበር። ማታ ማታ ያተኩሳታል፣ ያልባታል፣ ምግብ አይበላላትም። ሰፈር ውስጥ ያለ ክሊኒክ ትሄዳለች፣ ጣቷን ተወግታ ደም ትሰጣለች፣ ግማሽ ሰዓት ትጠብቃለች። ትንሽዬ ወረቀት ይዛ ትመለሳለች። «ኦ 1፡80፣ ኤች 1፡160» ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ ስለ ታይፈስ ሌላ ቁጥር አለ። «ታይፎይድ እና ታይፈስ አለብሽ» ትባላለች። መርፌ፣ ክኒን፣ ዕረፍት። ለሁለት ሳምንት ሻል ይላታል፣ ከዚያ እንደገና።

ሦስተኛው ዙር ላይ «ሥር ሰዶብሻል» አሏት። እኛም «አዎ፣ ታይፎይድ እኮ አንዴ ከያዘ አይለቅም» አልን። ጎረቤት ፌጦና ነጭ ሽንኩርት አመጣ።

በአራተኛው ዙር አንድ ወጣት ሐኪም ወረቀቶቹን በሙሉ አየና ማንም ያልጠየቃትን ጠየቃት። «እማማ፣ ያስልዎታል?» ያስላት ነበር፤ ከጀመራት ወራት አልፈዋል። አክታዋ ተመረመረ። ቲቢ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ከሁለት የልጅ ልጆቿ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ትተኛ ነበር።

ዛሬ ድናለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ትንሹ ልጅ ግን ከእሷ ጋር መድኃኒት ጀምሮ ነበር።

የክሊኒኩን ስም አልጠራም፤ ጉዳዩ የአንድ ክሊኒክ ስላልሆነ። እዚህ ቻናል ላይ ካላችሁት ውስጥ «ታይፎይድ አለብህ» ተብሎ የማያውቅ ሰው ካለ ዕድለኛ ነው። እኔን የከነከነኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ያቺ ወረቀት ምን ነበር የምትለው? ማነው የፈለሰፋት? እንዴትስ እዚህ ደረሰች? ስፈልግ ያገኘሁት ታሪክ ሊነገር የሚገባው ሆኖ አገኘሁት።

■ ሰኔ 1888 ዓ.ም.

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ አራት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በሰኔ፣ ፓሪስ ውስጥ አንድ የ34 ዓመት ሐኪም በከተማዋ የሆስፒታል ሐኪሞች ማኅበር ፊት ቆሞ አዲስ ነገር አስተዋወቀ። ስሙ ጆርጅ ፌርናን ዊዳል ይባላል። የተወለደው አልጄሪያ፣ ዴሊስ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው።

ያን ጊዜ ታይፎይድ የአውሮፓ ከተሞች ሰቆቃ ነበር። ቧንቧና ፍሳሽ የተቀላቀለበት ከተማ ሁሉ በየዓመቱ ሰው ይቀብር ነበር። መድኃኒት የለም። ታይፎይድን በትክክል የሚያድነው የመጀመሪያው መድኃኒት ክሎራምፌኒኮል እንደሚሠራ የታወቀው ከዚያ 52 ዓመት በኋላ፣ በ1948 ነው። የባሰው ደግሞ በሽታውን ከሌላ ትኩሳት መለየት ራሱ ፈተና መሆኑ ነው።

ስሙን ብቻ ተመልከቱ። «ታይፈስ» ከግሪክ የመጣ ቃል ነው፤ ጭስ ወይም ጭጋግ ማለት ነው፤ ትኩሳቱ አእምሮን እንደ ጭጋግ ስለሚሸፍን። «ታይፎይድ» ደግሞ «ታይፈስ መሳይ» ማለት ነው። ለብዙ ዘመን ሐኪሞች ሁለቱን አንድ በሽታ አድርገው ያዩ ነበር። ፊላዴልፊያ ውስጥ ዊሊያም ጌርሃርድ በ1837፣ ለንደን ውስጥ ዊሊያም ጄነር በ1840ዎቹ መጨረሻ፣ የሞቱ ሰዎችን አንጀት እየከፈቱ ነው የለዩዋቸው። ታይፎይድ አንጀትን ያቆስላል፤ ከተበከለ ውኃና ምግብ ይመጣል። ታይፈስ አንጀት ጋር ጉዳይ የለውም፤ የሚያመጣው የልብስ ቅማል ነው።

እኛም ዘንድ ያው ነው። አባቶቻችን ሁለቱንም «ተስቦ» ብለው ነበር የሚጠሩት፤ በኋላ ነው «የአንጀት ተስቦ» የሚለው የተለየው። ላቦራቶሪ በሌለበት ዘመን በሽታ በመልኩ፣ አንዳንዴም በመጣበት ወር ይጠራል። በ1911 ዓ.ም. የፈጀንን ኢንፍሉዌንዛ እስከ ዛሬ «የኅዳር በሽታ» የምንለው ለዚሁ ነው።

ታዲያ ዊዳል ያመጣው ምንድነው? ታማሚው ሞቶ አንጀቱ እስኪታይ መጠበቅ ቀረ። ከታማሚው ደም ላይ ውኃማውን ክፍል ወስዶ ከታይፎይድ ባክቴሪያ ጋር ቀላቀለው። ሰውየው ታይፎይድ ካለበት ደሙ ውስጥ ባክቴሪያውን የሚዋጉ አንቲቦዲዎች አሉ። እነሱ ባክቴሪያዎቹን እርስ በርስ ያጣብቋቸዋል፤ እንደ ረጋ ወተት ጓጉለው ይታያሉ። ሐሳቡ የዊዳል ብቻ አልነበረም፤ በዚያው ዓመት ማክስ ግሩበር እና ኸርበርት ደርሃም የማጣበቁን ነገር አሳይተው ነበር። ለታማሚ አልጋ ያበቃው ግን ዊዳል ስለሆነ ስሙ በእሱ ቀረ።

በዚያው ዓመት ካናዳ ውስጥ ዋያት ጆንስተን የደረቀ የደም ጠብታ በፖስታ ተልኮ ምርመራው ሊሠራ እንደሚችል አሳየ። በጥቂት ጊዜ ውስጥ የአሜሪካ ከተሞች የጤና ቢሮዎች ተቀበሉት። ሐኪም ከታማሚ አልጋ ሳይሆን ከወረቀት ላይ በሽታ ማንበብ የጀመረበት ዘመን ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

■ የዘበኛው መዝገብ

እዚህ ጋ ቆም ብለን ወረቀቷ ላይ ያለውን ቁጥር እንረዳ። ብዙ ሰው «1፡160» የሚለውን ሲያይ «መቶ ስድሳ ታይፎይድ አለብኝ» ይላል። እንደዚያ አይደለም።

ሽሮ አስቡ። በርበሬው በጣም ካቃጠለ ውኃ ትጨምራላችሁ፣ ትቀምሳላችሁ፤ አሁንም ያቃጥላል፤ ትጨምራላችሁ። ቁጥሩ የሚለው «ደሙ ስንት እጥፍ ቀጥኖም አሁንም ያጣብቃል?» ነው። 1፡80 ማለት ሰማንያ እጥፍ ቀጥኖ አጣብቋል ማለት ነው። ቁጥሩ በጨመረ መጠን አንቲቦዲው ብዙ ነው። «ኦ» እና «ኤች» የተለያዩ የባክቴሪያው አካል ክፍሎች ናቸው፤ አንዱ ከገላው፣ አንዱ ከሚዋኝበት ጭራ።

ዋናው ነገር ግን ይኼ ነው፦ ምርመራው ባክቴሪያውን አይፈልግም። የሚፈልገው ሰውነታችን ለባክቴሪያው የሰጠውን ምላሽ ነው።

የአንድ ግቢ ዘበኛ የሚይዘውን መዝገብ አስቡ። ማን እንደገባ ተጽፏል። መዝገቡን አይቶ «አበበ አንድ ቀን እዚህ መጥቶ ነበር» ማለት ይቻላል። «አበበ አሁን ግቢ ውስጥ ነው» ማለት ግን አይቻልም። የዛሬ ስድስት ወር መጥቶ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ወይም አበበን የሚመስል ዘመዱ መጥቶ ዘበኛው «አበበ» ብሎ ጽፎት ሊሆን ይችላል።

ዊዳልም እንደዚያ ነው። ታይፎይድ ድሮ ይዞህ ከነበረ አንቲቦዲው ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ክትባት ወስደህ ከነበረም እንዲሁ። የታይፎይድ ዘመድ የሆኑ ሌሎች ባክቴሪያዎች ቢይዙህ ሊያሳስት ይችላል። ወባ ራሱ ዊዳልን «ፖዚቲቭ» ሊያደርግ ይችላል። በእኛ አገር፣ ውኃው ባልጠራበት፣ ወባ ባለበት፣ ጤነኛ ሰው መንገድ ላይ አቁማችሁ ደሙን ብትወስዱ 1፡80 ብታገኙ አይድነቃችሁ።

ለዚህ ነው «ታይፎይድ ሥር ሰደደብኝ» የሚለው ነገር የተስፋፋው። ሰውየው ድኗል፤ ወይም ከመጀመሪያውም አልነበረበትም። ወረቀቷ ግን በየሦስት ወሩ ያንኑ ትላለች፤ መዝገቡ አይፋቅምና።

በትክክል እንሥራው ከተባለ ዊዳል ሁለት ጊዜ ነው የሚሠራው። ዛሬ ደም ይሰጣል፣ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ሌላ ደም ይሰጣል። ቁጥሩ በአራት እጥፍ ከጨመረ፣ ለምሳሌ ከ1፡40 ወደ 1፡160 ከወጣ፣ ያኔ ትርጉም አለው። እስቲ እውነቱን እንነጋገር፣ ከእናንተ ውስጥ ለሁለተኛው ደም የተጠራ አለ?

■ ሁለተኛዋ ቁጥርና የፖላንዱ ተንኮል

አሁን ወደ ታይፈሱ እንሂድ። የእሱ ታሪክ ይብሳል።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በምሥራቅ አውሮፓ ታይፈስ ከጥይት ባልተናነሰ ይገድል ነበር። ቻርልስ ኒኮል ቱኒስ ውስጥ በ1909 አስተላላፊው ቅማል መሆኑን አሳይቷል፤ ለዚህም በ1928 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ሕዋሱን ሲያጠኑ ራሳቸው በታይፈስ የሞቱት ሃዋርድ ሪኬትስ እና ስታኒስላውስ ፕሮቫዜክ ስማቸው ለበሽታው ተህዋስ ተሰጥቷል። በ1916 ኤድመንድ ቫይል እና አርተር ፌሊክስ የተባሉ ተመራማሪዎች ከአንድ የታይፈስ ታማሚ ሽንት ውስጥ ፕሮቲየስ የሚባል ባክቴሪያ አገኙ። የታይፈስ ታማሚዎች ደም ይህን ባክቴሪያ ያጣብቃል። ምርመራው «ቫይል ፌሊክስ» ተባለ፤ በእኛ ክሊኒኮች ወረቀት ላይ «ዌል ፌሊክስ» ተብሎ የሚጻፈው እሱ ነው።

ልብ በሉ፤ ፕሮቲየስ ታይፈስን አያመጣም! ሌላ ባክቴሪያ ነው። በአጋጣሚ የሆነ የገላው ክፍል የታይፈሱን ስለሚመስል ብቻ ነው ምርመራው የሚሠራው። ሌባውን ፎቶው ስለሌለን በመልከ ቢጤው ፎቶ እንደመፈለግ ነው። ፕሮቲየስ ደግሞ በራሱ ብዙ ሰው ውስጥ አለ፤ የሽንት ቧንቧ ሕመም ከሚያመጡት አንዱ ነው።

ይህን ቀዳዳ ያስተዋለ አንድ ፖላንዳዊ ሐኪም ነበር። ስታኒስዋፍ ማቱሌቪች ይባላል። ጊዜው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ፖላንድ በናዚ ጀርመን እጅ ናት። ሰው እየታፈሰ ለግዳጅ ሥራ ወደ ጀርመን ይጫናል። ማቱሌቪች የሞተ ፕሮቲየስ ለአንድ ጤነኛ ሰው ቢወጋ ሰውየው እንደማይታመም፣ ደሙ ግን በቫይል ፌሊክስ «ታይፈስ» ብሎ እንደሚወጣ ደረሰበት። ሐኪሞቹ ኋላ እንደተናገሩት፣ ለዕረፍት አገሩ የመጣ አንድ የግዳጅ ሠራተኛ ወደ ጀርመን ላለመመለስ ሲማጸናቸው በእሱ ጀመሩ። ደሙ ለጀርመኖች ላቦራቶሪ ተላከ። መልሱ መጣ፦ ታይፈስ። ሰውየው አገሩ ቀረ።

ከዚያ ጓደኛው ዩጂኒዩሽ ዋዞፍስኪ ተጨመረ። ሮዝቫዱፍ በምትባለው ትንሽ ከተማና አካባቢዋ ትኩሳት ይዞት የመጣውን ሁሉ ፕሮቲየስ እየወጉ ደሙን ወደ ጀርመን ላቦራቶሪ ይልኩ ነበር። ጀርመኖች ታይፈስን እንደ እሳት ይፈሩ ስለነበር አካባቢውን የወረርሽኝ ቀጣና አሉት፤ ከዚያ ሰው ማፈሱንም ተዉት። ሁለቱ ሐኪሞች ይህን በ1977 ራሳቸው ጽፈው ነው ዓለም ያወቀው።

የታሪኩ መራራ ጎን ደግሞ አለ። ሐኪሞቹ አይሁዳውያንን አይወጉም ነበር። ናዚዎች ታይፈስ ያለበት አይሁዳዊ ካገኙ ይገድሉት ስለነበር። ያው ምርመራ፣ ያው «ፖዚቲቭ»፤ ለአንዱ መትረፊያ፣ ለሌላው ሞት።

እኔን ያስገረመኝ ይኼ ነው፦ ጀርመኖች በዚያ ዘመን በላቦራቶሪ ሳይንስ ከዓለም ግንባር ቀደም ነበሩ። አንድም ታማሚ ባልነበረበት ወረርሽኝ አመኑ፤ ወረቀቱ «ፖዚቲቭ» ስላለ። እኛም ዛሬ ያንኑ ምርመራ ሠርተን «ታይፈስ አለብህ» ስንል፣ ማንም ፕሮቲየስ ሳይወጋን፣ ራሳችንን እያታለልን ነው።

■ ሜሪ፣ ያላመነችው

አሁን ደግሞ የተገላቢጦሹን እንይ። ፖዚቲቭ ማለት ሁልጊዜ ውሸት አይደለም። አንዳንዴ ወረቀቱ ትክክል ይሆንና የሚያስረዳ ይጠፋል።

ሜሪ ማሎን በ1869 አየርላንድ ተወልዳ ኒውዮርክ የተሰደደች ወጥ ቤት ነበረች። በ1906 ክረምት ኦይስተር ቤይ በሚባል መዝናኛ ለአንድ ሀብታም ቤተሰብ ስታበስል፣ ቤቱ ውስጥ ካሉት 11 ሰዎች 6ቱ ታይፎይድ ያዛቸው። ጆርጅ ሶፐር የተባለ የንጽሕና መሐንዲስ ጉዳዩን ሲከታተል፣ ከዚያ በፊት ባገለገለችባቸው ቤቶችም ሰው እንደታመመ አወቀ። የምታበስልበት ቤት ድረስ ሄዶ «ሽንትሽን፣ ሰገራሽንና ደምሽን ስጪኝ» አላት። እሷ የሥጋ ሹካ ይዛ አባረረችው።

አስቡት፤ አንድ የማታውቁት ሰው ሥራ ቦታችሁ መጥቶ «ሰው ትገድያለሽ፣ ሰገራሽን ስጪኝ» ቢላችሁ? ሜሪ አንድም ቀን አሟት አያውቅም። ሰውነቷ ጠንካራ፣ ሥራዋን የምትወድ ሴት ነበረች። «ጤነኛ ተሸካሚ» የሚባለው ነገር ያኔ ለሐኪሞቹም አዲስ ነበር።

በ1907 በፖሊስ ተይዛ ኖርዝ ብራዘር በሚባል ደሴት ላይ ታሰረች። ሰገራዋ ሲመረመር አንዳንዴ ባክቴሪያው ይገኛል፣ አንዳንዴ አይገኝም። እሷ በራሷ ወጪ ናሙናዋን ለግል ላቦራቶሪ ላከች፤ መልሱ «ነፃ ነሽ» የሚል ነበር። ታዲያ ማንን ትመን? በ1909 ፍርድ ቤት ሄደች፤ ተረታች። በ1910 ምግብ እንዳታበስል አስፈርመው ለቀቋት። ልብስ በማጠብ ኑሮዋን ልትገፋ ሞከረች፤ ክፍያው ከወጥ ቤትነት በጣም ያነሰ ነበር። በ1915 በአንድ የማዋለጃ ሆስፒታል 25 ሰው ታይፎይድ ያዘው፣ 2ቱ ሞቱ። ወጥ ቤቷ ስሟን የቀየረችው ሜሪ ነበረች። ወደ ደሴቷ መለሷት፤ እስከ ሞተችበት እስከ 1938 እዚያው ኖረች። በጠቅላላው 26 ዓመት ያህል።

ሁለተኛው ጥፋት የእሷ ነው፤ ሰው ሞቷልና። ይሁን እንጂ እስቲ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ «ሜሪ፣ ተህዋሱ በሐሞት ከረጢትሽ ተደብቆ ይኖራል። አንዳንድ ቀን ይወጣል፣ አንዳንድ ቀን አይወጣም። ለዚህ ነው አንዱ ላቦራቶሪ አለ፣ ሌላው የለም የሚልሽ። አንቺን አያምሽም፣ የበላውን ግን ያመዋል» ብሏት ቢሆን? ከወጥ ቤትነት ደመወዟ ጋር የሚመጣጠን ሥራ ተፈልጎላት ቢሆን? አላውቅም፣ ምናልባት ያው ይሆን ነበር። የሆነው ግን ውጤት በትእዛዝ መልክ ወረደባት፤ ያልተብራራ ውጤት ደግሞ አይታመንም።

■ ወደ ቤታችን

ዛሬ ፓሪስ ወይም ኒውዮርክ ትኩሳት ይዞት የሄደን ሰው ዊዳል የሚሠራለት ሐኪም ማግኘት ይከብዳል። ጊዜው ያለፈበት ምርመራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ውስንነቱን ጽፏል። በአገራችን ዊዳልን ከደም ካልቸር ጋር ያወዳደሩ ጥናቶች፣ በዊዳል ፖዚቲቭ ከተባሉት አብዛኞቹ ደም ውስጥ የታይፎይድ ባክቴሪያ እንዳልተገኘ አሳይተዋል።

ለምን እንደዚህ እንደሚሆን በቀላል ሒሳብ ላስረዳ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የወሰድኳቸው ናቸው። ትኩሳት ያለባቸው 1000 ሰዎች ክሊኒክ መጡ እንበል። ከእነሱ በእውነት ታይፎይድ ያለባቸው 20 ናቸው። ምርመራው ካለባቸው 100 ሰዎች 70ውን ይይዛል፤ ከሌለባቸው 100 ሰዎች ደግሞ 30ውን በስህተት «አለባችሁ» ይላል። ስለዚህ ከ20ዎቹ 14ቱን ያገኛል። ከቀሪዎቹ 980 ሰዎች 294ቱን በስህተት ይይዛል። በድምሩ 308 ሰው «ታይፎይድ አለብህ» ተባለ። በእውነት ያለበት 14 ሰው ነው። ከ22 ሰው አንዱ ማለት ነው።

የቀሩት 294ቱ የት ሄዱ? ከፊሎቹ በራሱ የሚተው ጉንፋን ነበራቸው፤ ዳኑ፣ መርፌው ያዳናቸው መሰላቸው። ከፊሎቹ ወባ ነበራቸው። አንዳንዶቹ፣ እንደ አክስቴ፣ ቲቢ ነበራቸው። ሁሉም አላስፈላጊ አንቲባዮቲክ ወሰዱ፤ ያ አንቲባዮቲክ ለእውነተኛው ታማሚ በሚያስፈልግበት ቀን እንዳይሠራ እየለመደ ነው።

ታዲያ ለምን ቀጠለ? ባለሙያውን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይደለም። ካልቸር ውድ ነው፣ ቀናት ይፈጃል፣ በየከተማው የለም፤ ካለም ከታማሚዎቹ አሥር ስድስቱን ያህል ነው የሚይዘው። ዊዳል ርካሽ ነው፣ በደቂቃዎች ይደርሳል። ሐኪሙ ጋ ሰልፉ በር ድረስ ነው። እኛ ታማሚዎቹስ? «ምንም አልተገኘብህም፣ ሁለት ቀን እንይህ» የሚለንን ሐኪም «ይኼ ምንም አያውቅም» ብለን ጥለን እንሄዳለን። ስም የሚሰጠንን እንወዳለን። «ታይፎይድ ነው» ሲባል ቢያንስ የሚያመኝ ነገር ስም አገኘ ብለን እፎይ እንላለን። ክሊኒኩ የሚሸጠው እኛ የምንገዛውን ነው።

አዲስ አበባ ጉለሌ ውስጥ «ፓስተር» የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን እዚያ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት የቀረ ነው፤ ዛሬ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያለበት ነው። ላቦራቶሪ ለእኛ የትናንት እንግዳ አይደለም ማለቴ ነው፤ ሰፈር የሚጠራበት ያህል ቆይቶናል። ውጤቱን የማስረዳት ባህል ግን ገና አልተከለም። ወረቀቱ ለሐኪሙ ይሰጣል፣ ሐኪሙ መድኃኒት ይጽፋል፣ ታማሚው ለመድኃኒት ቤት ወረፋ ይሰለፋል። በመሃል «ይህ ማለት እንዲህ ነው» የሚል ሰው የለም።

ነገሩ የታይፎይድ ብቻ አይደለም። ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ «ሜዲካል» የሚያደርጉ እህቶቻችንን ጠይቁ። «አንፊት» ተብላ፣ ምን እንደተገኘባት ሳይብራራላት፣ የተበደረችውን ብር እያሰበች ወደ ቤቷ የተመለሰች አውቃለሁ። በሌላ በኩል «ሙሉ ቼክአፕ በቅናሽ» የሚል ማስታወቂያ በዝቷል። እሱ ላይ አንድ ነገር እወቁ። ወረቀቱ ጎን የሚጻፈው «ኖርማል» የሚባለው ወሰን አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከጤነኛ ሰዎች ውስጥ 95 በመቶዎቹ ያረፉበትን ክልል ወስዶ ነው። ከ100 ጤነኛ 5ቱ በተፈጥሯቸው ከክልሉ ውጪ ናቸው። እርስ በርስ የማይገናኙ 20 ምርመራዎች ብታደርጉ ፍጹም ጤነኛ ሆናችሁ እንኳ ቢያንስ አንዱ «ከፍ» ወይም «ዝቅ» ብሎ የመውጣቱ ዕድል 64 በመቶ ያህል ነው። ቀይ ቀለም ያለበት ቁጥር ሁሉ በሽታ አይደለም። ያልቀላ ሁሉም ጤና አይደለም።

■ ምን እንጠይቅ?

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የወሰድኩት ይኼን ነው። ስትመረመሩ በትሕትና፣ ግን ሳታፍሩ ጠይቁ፦

1. «ዶክተር፣ ይህ ምርመራ የሚፈልገው በሽታውን ራሱን ነው ወይስ የበሽታውን ዱካ?» በአጉሊ መነጽር የታየ የወባ ተህዋስ ራሱ ሌባው ነው። ዊዳል የዘበኛው መዝገብ ነው።

2. «ፖዚቲቭ ቢሆን ምን እናደርጋለን? ኔጌቲቭ ቢሆንስ?» በሁለቱም መልሱ አንድ ከሆነ፣ ብራችሁን ያዙ።

3. «ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» ወባ ያለበት አካባቢ ከነበራችሁ ተናገሩ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ካሳላችሁ፣ ባትጠየቁም ተናገሩ። የቲቢ ምርመራና ሕክምና በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው።

4. «ካልቸር ይቻላል?» የሚቻል ከሆነ ደሙ የሚወሰደው አንቲባዮቲክ ከመጀመራችሁ በፊት ነው። ከጀመራችሁ በኋላ ባክቴሪያው ሊደበቅ ይችላል።

5. ወረቀቶቻችሁን አትጣሉ። በአንድ ፌስታል፣ በቀን ተራ አስቀምጡ። አክስቴን ያዳናት ወጣቱ ሐኪም ሦስቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ማየት መቻሉ ነው።

አደራ፣ ይህን አንብባችሁ የታዘዘላችሁን መድኃኒት እንዳታቋርጡ! ታይፎይድ የውሸት በሽታ አይደለም። ካልታከመ ብዙውን ጊዜ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ አንጀት ሊበሳ፣ ሰው ሊሞት ይችላል። ስለዚህም ነው በየትኩሳቱ ላይ ስሙን መለጠፍ የማይገባው። ተጠራጠራችሁ? ሐኪም ቀይሩ፣ ሁለተኛ ሐሳብ ጠይቁ፤ በራሳችሁ አትወስኑ።

ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠሩ፣ ነርስና ሐኪም የሆናችሁ የቻናሉ አባላት፣ ድካማችሁን አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ወረቀቱን ስትሰጡ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት። «እማማ፣ ይህ ቁጥር ሰውነትዎ ድሮ ተዋግቶ ሊሆን እንደሚችል ነው የሚለው፤ ስለዚህ ሌላም እንይ።» አሥር ሰከንድ ነው የሚፈጀው።

አክስቴ አሁን ጎረቤት «ታይፎይድ ያዘኝ» ሲላት፣ ፌጦ አታመጣም። «ማን አለህ? በምን አየው? ያስልሃል ወይ?» ትለዋለች። ሰፈሩ «ዶክተሯ» ይላታል፤ እየሳቁ ነው፣ ግን እየሄዱ ይመረመራሉ።

ቸር ይግጠመን። ለትኩሳት ታማሚ ላላችሁ ቤተሰብ አድርሱት።